ቪትዝ ላይ ካያክ ይጫናል? ከአራት ኪሎ እስከ ቢሾፍቱ

ጥያቄው፦ «ሰላም ጋሼ። የምኖረው አራት ኪሎ፣ ግንፍሌ በኩል ነው። ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ። ሀገር ለቆ ከሚሄድ ሰው ላይ ካያክ (በመቅዘፊያ የሚነዳ ጠባብ ጀልባ) ገዛሁ። ጠንካራ ፕላስቲክ ነው፤ ርዝመቱ 3 ሜትር ከ20፣ ክብደቱ 24 ኪሎ። መኪናዬ ቪትዝ ናት፣ ፖርቶመጋላ የላትም። ቅዳሜ ቅዳሜ ከባለቤቴ ጋር ቢሾፍቱ ልንወስደው አስበናል። አንድ ጓደኛዬ ‹ጥፍር አድርገህ እሰረውና ሂድ፣ ቀላል ነው› አለኝ። እውነት ቀላል ነው? ከቤት እስከ መኪናው፣ ከመኪናው እስከ ሐይቁስ እንዴት እንሸከመው? እርስዎ ቢመክሩን።»

እንኳን ደስ አላችሁ። አንቱታውን ግን እዚሁ እንተወው፤ ጋሼ ይበቃኛል።

ጓደኛህ እውነቱን ነው፣ ካያክ ቀላል ነው። ጣጣውም የሚመጣው ከዚያው ነው። 24 ኪሎ ማለት ሩብ ኩንታል ጤፍ ገደማ ማለት ነው። ሩብ ኩንታል ጤፍ ጣሪያ ላይ ብትጭን በራሱ ክብደት ተኝቶ ይሄዳል። ካያክ ግን ረጅም ነው፣ ሆዱ ባዶ ነው፣ አፍንጫው ቀና ያለ ነው። ነፋስ ከሥሩ ከገባ ያነሳዋል፤ ከጎን ከመጣ ያዞረዋል። ስለዚህ ስታስረው በሐሳብህ ያለው «እንዳይወድቅ» ሳይሆን «እንዳይነሳና እንዳይዞር» ይሁን። አስተሳሰሩ ይለያያል።

ይህን ያወቅኩት በራሴ ጥፋት ነው። ከዓመታት በፊት አንድ ካያክ መሐሉን ብቻ በሁለት ገመድ አስሬ በአሮጌው መንገድ ወጣሁ። ዱከም ሳልደርስ አንድ ተሳቢ ከፊቴ መጣና አለፈኝ። መኪናዬ ተናወጠች። ቀና ብዬ በፊት መስተዋቱ ሳይ የካያኩ አፍንጫ የለም። ዞሮ ጣሪያው ላይ ተጋድሟል፤ ጅራቱ ወደ አስፋልቱ መሐል ወጥቷል። ከኋላዬ ሌላ መኪና አለመኖሩ የእግዜር ሥራ ነው። ወርጄ ሳይ ገመዱ አልተበጠሰም፣ ቋጠሮውም አልተፈታም። እኔም ጥፍር አድርጌ ነበር ያሰርኩት። የጎደለው ሌላ ነገር ነበር፤ እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ ፖርቶመጋላ። በድሮው ጊዜ ይሄ ጥያቄ አልነበረም። ሰማያዊና ነጭ ላዳ ጣሪያዋ ጠርዝ ላይ የዝናብ ቦይ ነበራት፤ ፖርቶመጋላው እሱን ነክሶ ይቆም ነበር። አልጋም፣ ቁም ሳጥንም፣ በግም ተጭኖባታል። የዛሬዎቹ ትንንሽ መኪኖች ጣሪያ ለስላሳ ነው። ስለዚህ ቪትዝህ የሚያስፈልጋት በበሩ ፍሬም በኩል ነክሶ የሚይዝ፣ ሁለት አግዳሚ ብረት ያለው ዓይነት ነው። ከመግዛትህ በፊት ለእሷ ሞዴል የተሠራ መሆኑን አረጋግጥ። እግሩ ከጣሪያው ጋር ካልገጠመ ምንም ብታጠብቀው ይላቀቃል። ጣሪያዋ ስንት ኪሎ እንደሚችል መመሪያ መጽሐፏ ላይ አለ። ቪትዝ የጃፓን ገበያ መኪና ስለሆነች መጽሐፉ ጃፓንኛ ቢሆን አይግረምህ። ውጭ ሀገር ያሪስ ተብላ የተሸጠችው እህቷ ናት፤ ዓመቷንና ሞዴሏን አመሳክረህ በዚያ ስም ፈልግ። በቁጥሩ ውስጥ የፖርቶመጋላው ክብደትም እንደሚገባ አትርሳ።

ብረት ቤት ወስዶ ማስበየድስ? ይቻላል ይሉሃል። እኔ አልመክርም። ጣሪያው ተበስቶ የሚታሰር ከሆነ በክረምት ዝናብ ጭንቅላትህ ላይ ይወርዳል። ዝም ብሎ ተቀምጦ በሽቦ የሚታሰር ከሆነ ደግሞ ከነካያኩ ይሄዳል።

ያለ ፖርቶመጋላ፣ ጣሪያው ላይ ወፍራም ስፖንጅ አንጥፎ ቀበቶውን በተከፈተ በር ውስጥ ለውስጥ አሳልፎ ማሰርም አለ። በመስኮት ሳይሆን በበር፤ ከዚያ በሩ ይዘጋበታል። ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳ ለመውሰድ ይሆናል። ቢሾፍቱ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በስፖንጅ ብቻ ወደ አዲስ–አዳማ የፍጥነት መንገድ አትውጣ። ዝናብ ከመጣም ውኃው ቀበቶውን ተከትሎ ጭንህ ላይ ይንጠባጠባል።

ቀጥሎ ማሰሪያው። ሲባጎ አይታሰብም። ሱቅ የሚሸጠው የሚያንሸራትት የፕላስቲክ ገመድ ቋጠሮ አይዝም። ናይለን ሲርስ ይለጠጣል፤ ዝናብ ውስጥ አስረህ ወጥተህ ስትቆም ላልቶ ታገኘዋለህ። ከብስክሌት ኋላ የሚታሰረው የላስቲክ ገመድ፣ ወይም ከአሮጌ ከመነዳሪ የተቆረጠ ጎማ፣ ዕቃ ለመሰብሰብ እንጂ ካያክ ለመያዝ አይሆንም። ላስቲክ ሥራው መለጠጥ ነው፤ ነፋሱ ሲያነሳው አብሮ ይነሳለታል። የሚያስፈልጉህ ሁለት ጠፍጣፋ የፖሊስተር ቀበቶዎች ናቸው። ጫፋቸው ላይ በጥርስ የሚነክስ ዘለበት ይኑራቸው፤ በእጅ ስትስበው የሚጠብቅ፣ ስትጫነው የሚለቅ። ወርዳቸው 2 ሴንቲ ተኩል፣ ርዝመታቸው 4 ሜትር ገደማ ቢሆን ይበቃል። በእጀታ ቀጭ ቀጭ እየተደረገ የሚጠብቀውን የአይሱዙ ጭነት ማሰሪያ ተወው። እሱ ጉልበቱ ከፕላስቲኩ አቅም በላይ ነው። በተለይ በፀሐይ ሲሞቅ ፕላስቲኩ ይለሰልስና ሆዱ ይጎደጉዳል።

አሁን እንጫን። ካያኩ ጠፍጣፋ ብረት ላይ ሲሆን ተደፍቶ ይጫን፤ መቀመጫው ወደታች፣ ሆዱ ወደ ሰማይ። የላይኛው ፊቱ ከሆዱ ይልቅ ድርቅ ያለ ነው፣ ጫናውን ይችላል። ሌላም ምክንያት አለው። ቀና አድርገህ ጭነህ የሐምሌ ዝናብ ቢያገኝህ ጣሪያህ ላይ ገንዳ ተሸክመሃል ማለት ነው። 50 ሊትር ውኃ 50 ኪሎ ነው። ለቪትዝ ይሄ ቀልድ አይደለም።

አወጣጡ እንዲህ ነው። ቪትዝ አጭር ናትና ዕድለኞች ናችሁ። የኋላ በሯ ላይ አሮጌ ብርድ ልብስ አንጥፉ። የካያኩን አፍንጫ ከኋላ በኩል የኋለኛው ብረት ላይ አሳርፉ። ከዚያ ባለቤትህ ከጎን ሆና አቅጣጫውን ትጠብቅ፣ አንተ ጅራቱን ከፍ አድርገህ ወደፊት ግፋ። 24 ኪሎውን በአንዴ ማንም አይሸከመውም፤ ግማሹን ብረቱ ይዞልሃል። ስታነሳ ከጉልበትህ ተነስ፣ ከወገብህ አትጠፍ። መሐሉ በሁለቱ ብረቶች መሐል ላይ እንዲውል አስተካክሉት።

ቀበቶውን ስትወረውር ዘለበቱን እጅህ ላይ አስቀር፤ የሚወረወረው ባዶው ጫፍ ነው። ዘለበት ተወርውሮ የተሰበረ የመኪና መስታወት አይቻለሁ። ጫፉ በካያኩ ላይ አልፎ ወደ ማዶ ይወርዳል፣ በአግዳሚው ብረት ሥር ይዞራል፣ ተመልሶ በካያኩ ላይ ያልፋል፣ በአንተ በኩል በብረቱ ሥር አልፎ ዘለበቱ ውስጥ ይገባል። በሁለቱም ጎን ከብረቱ እግር በውስጥ በኩል ይሁን። ከእግሩ ውጭ ካሰርከው ተንሸራትቶ በጫፉ ሊወጣ ይችላል። በእጅህ ጉልበት ብቻ ሳበው። ሁለተኛውን ቀበቶ በሌላው ብረት ላይ እንደዚያው። የተረፈውን ጫፍ ጠቅልለህ ቋጥረው፤ ተንጠልጥሎ ከቀረ እስከ ቢሾፍቱ ጣሪያውን ሲቀጠቅጥ ነው የሚሄደው። ቀበቶው በነፋስ እንደ ማሲንቆ ክር «ዝዝዝ» እያለ ካስቸገረህ ጠፍጣፋውን አንዴ ወይም ሁለቴ ጠምዝዘው፤ ዝም ይላል።

ከዚያ አፍንጫውን ይዘህ በደንብ ነቅንቀው። ካያኩ ብቻውን ከተንቀሳቀሰ ገና ነው። መኪናዋ አብራው ከተወዛወዘች ጥሩ አስረሃል።

እኔ ዱከም መዳረሻ ላይ የጎደለኝ ቀጥሎ ያለው ነው። የአፍንጫና የጅራት ገመድ። ቪትዝ ጣሪያዋ አጭር ስለሆነ ሁለቱ ብረቶች መሐል ያለው ርቀት አንድ ሜትርም ላይሞላ ይችላል። ካያክህ 3 ሜትር ከ20 ነው። ከፊትም ከኋላም ከአንድ ሜትር በላይ ምንም ያልያዘው አካል ይወጣል ማለት ነው። ነፋስ የሚጫወተው በእሱ ላይ ነው። ስለዚህ ከአፍንጫው እጀታ ሁለት ገመድ ወደ ቀኝና ወደ ግራ፣ ሹካ ሆኖ፣ ወደ መኪናው ፊት ይውረድ። ፓራውልቱ ላይ አትሰረው፣ ፕላስቲክ ነው። ኮፈኑን ክፈትና በሁለቱ ጎን ካሉት ብሎኖች ሥር የጠንካራ ቀበቶ ቀለበት አስገብተህ አስጠብቅ። ኮፈኑ ሲዘጋ ቀለበቶቹ ወደ ላይ ወጥተው ይቀራሉ፤ እነሱ ላይ እሰር። ከኋላ የመጎተቻው ቀለበት አለ። እነዚህን ገመዶች አታክርራቸው። አፍንጫውን ወደታች ጎትተህ ካጎበጥከው ፕላስቲኩን ትጎዳለህ። ቀጥ ብለው ሥራ ፈትተው መቀመጥ ነው ሥራቸው።

አንድ ነገር ግን እጅግ ተጠንቀቅ። የፊተኛው ገመድ ቢፈታ እንኳ ጎማ ሥር እንዳይደርስ አጭር ይሁን። ጎማው ገመዱን ከያዘው ይጠቀልለዋል፣ ካያኩንም ለሁለት ይሰብረዋል። ሲፈታ ደግሞ ከመሪው ላይ ሆነህ ማየት አለብህ። ደማቅ ቀለም ያለው ገመድ የምገዛው ለዚህ ነው።

ጅራቱ ላይ ቀይ ጨርቅ እሰር። ታርጋህና የኋላ መብራትህ እንዳይሸፈን እይ። ትራፊክ ፖሊስ ቢያስቆምህም ያኔ የምታሳየው አለህ። መቅዘፊያውንና ላይፍ ጃኬቱን ካያኩ ሆድ ውስጥ አትተው፤ ተደፍቶ ስለሚሄድ ይወድቃሉ። ውስጥ ይግቡ።

ከካያኩ ጋር የመኪናህ ቁመት ወደ 2 ሜትር ይጠጋል። ምድር ቤት ፓርኪንግ የለመደ ሰው ይህን ይረሳዋል። መስቀል አደባባይ ሥርም ሆነ ሕንፃ ሥር ያለ ፓርኪንግ ከመግባትህ በፊት የከፍታ ምልክቱን አንብብ። «እንደ ሁልጊዜው» ብለህ ስትገባ ነው ካያኩ ከበሩ አናት ጋር የሚላተመው።

መንገዱ ላይ። ከከተማ እስክትወጣ ችግሩ ጉብታው ነው። እያንዳንዱ ጉብታ ቀበቶውን ትንሽ ትንሽ ያላላዋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ፍተሻህ ከተነሳህ ከሩብ ሰዓት በኋላ ይሁን። ሁለተኛው ቱሉ ዲምቱ ላይ፣ ወደ ፍጥነት መንገዱ ሳትገባ። የአዲስ–አዳማ መንገድ እስከ 120 ይፈቅዳል። አንተ ግን ከ80 አትለፍ፣ ቀኝህን ይዘህ ሂድ። ፍጥነትህን በእጥፍ ስትጨምር የነፋሱ ግፊት በአራት እጥፍ ነው የሚጨምረው። በ60 ዝም ያለው ካያክ በ120 ሌላ ፍጥረት ነው። ተሳቢ ስትቀድም ከለላው ውስጥ ገብተህ ስትወጣ ነፋሱ በድንገት ከጎን ይመታሃል። መሪውን በሁለት እጅ ያዝ። ባትቀድም ይሻላል፤ ሐይቁ የትም አይሄድም።

ብዙ ሰው የማያስበውን አንድ ነገር ልንገርህ። ካያክህ የታሸገ ባዶ ክፍል ካለው፣ ማፍሰሻ ቡሹን ከፍተህ ጫነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ ቢሾፍቱ 1,900 ገደማ፣ ላንጋኖ ደግሞ 1,600 ገደማ። ስትወርድ የውጭው አየር ይከብዳል፣ የታሸገው ክፍል ይጨመቃል። ስትመለስ ያበጣል። በዚያ ላይ ፀሐይ ሲጨመር መገጣጠሚያው ይላቀቃል። ውኃ ላይ ከመግባትህ በፊት ቡሹን መልሰህ ዝጋ፤ ይህችን የረሳ ሰው ሐይቁ መሐል ነው የሚያስታውሳት።

ወደ እግር ጉዞው። አራተኛ ፎቅ ነው ያልከው። 3 ሜትር ከ20 በደረጃ መታጠፊያ መዞሩን አስቀድመህ ለካ። በዚያው ልክ ቀርከሃ ወይም ቱቦ ያዝና ባዶ እጅህን ውጣና ውረድ። ቀርከሃው ከዞረ ካያኩ ሊዞር ይችላል፤ ካልዞረ በከንቱ አትድከም። መታጠፊያው ላይ አፍንጫውን ወደ ላይ ቀና ማድረግ ይረዳል። በረንዳ ላይ በገመድ ማውረድ የሚል ሐሳብ ከመጣልህ ተወው። ከታች የኤሌክትሪክ ሽቦ አለ፣ የሰው ልጅም ያልፋል። በጎን ያሉት የውስጥ መንገዶች ላይ ሽቦው ዝቅ ያለ ነው፤ ካያክም ሆነ የአሉሚኒየም መቅዘፊያ አቁመህ አትሂድ።

እውነቱን ንገረኝ ካልከኝ፣ ሳምንት ሳምንት አራት ፎቅ ማውጣቱ በሁለተኛው ወር ያሰለችሃል። ካያኩ ግድግዳ ላይ ይቀራል። የኮንዶሚኒየሙን ኮሚቴ አናግር። ኮሚናሉ ውስጥ አንድ ጥግ ቢሰጡህ፣ ለጥበቃውም የሻይ ብትል፣ ነገሩ አለቀ። በገመድ ከፍ አድርገህ ከጣሪያው ሥር አንጠልጥለው፤ ለቅሶና ሠርግ ሲመጣ ለድንኳኑና ለድስቱ ቦታ አይሻማም።

ሁለት ሆናችሁ ስትሸከሙ አንዱ በአፍንጫው፣ አንዱ በጅራቱ፣ አንዳችሁ በቀኝ አንዳችሁ በግራ ሁኑ። ሚዛኑ ይጠበቃል። ከፊት ያለው መንገዱን ይናገራል፦ «ደረጃ»፣ «ጉድጓድ»፣ «ሰው»። ከኋላ ያለው መሬቱ አይታየውምና ዝም ብሎ መከተል ነው ዕጣው። ባለቤትህ ከፊት ብትሆን ይሻላል። ሲደክማት «ቁም» ማለት የሷ ፋንታ ነው፤ አንተ ከኋላ ስትገፋ አይታወቅህም።

ብቻህን ከሆንክ ጎንበስ ብለህ በአንዴ ትከሻህ ላይ አትወርውረው። መጀመሪያ በጉልበትህ ላይ አሳርፈው፣ ከዚያ የመቀመጫውን ጠርዝ ትከሻህ ላይ አስገባ። ቀጭን ፎጣ ከሥሩ አድርግ። ከዚያ በኋላ የምትዋጋው ከርዝመቱ ጋር ነው። ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱትን እናቶች አስተውለህ ታውቃለህ? ሸክማቸው ወደ ጎን የረዘመ ስለሆነ መኪና ሲመጣ ቀድመው ጎን ዞረው ይቆማሉ። አንተም እንደነሱ ቀድመህ አስብ። ዘወር ስትል ጅራትህ ከኋላህ ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ ርቆ ክብ ይጠርጋል። ሰው ሲጠራህ ቶሎ ዞረህ «አቤት» ካልክ አንዱን ጭንቅላቱን ትለዋለህ። መጀመሪያ ቁም፣ እይ፣ ከዚያ ዙር። አራት ኪሎ በአዲሱ ሰፊ የእግረኛ መንገድ ላይ ስትሄድ ከጎንህ የብስክሌት መስመር አለ፤ አፍንጫህ ወደዚያ እንዳይወጣ። ነፋስ ካለ አፍንጫውን ወደ ነፋሱ መልሰህ ቁምና እስኪያልፍ ጠብቅ።

ከመቶ ሜትር በላይ ከሆነ ጋሪ ይሻላል። ሁለት ጎማ ያላት ትንሽ የካያክ ጋሪ አለች። ብረት ሥራ ቤት ቢያዩዋት ይሠሩልሃል፤ ይሄኛው ሥራ እንደ ጣሪያው አያሰጋም። ኮብልስቶን ላይ ትናንሽ ድፍን የፕላስቲክ ጎማዎች ጥርስህን ያንገጫግጩታል። ተለቅ ያለ፣ አየር የሚሞላ ጎማ ይሁን። ጋሪዋን ከመሐሉ ትንሽ ወደ ኋላ አድርገህ በቀበቶ እሰራት፣ አፍንጫው እጅህ ላይ ትንሽ እንዲከብድ። ልክ መሐሉ ላይ ካደረግካት በየጉድጓዱ እንደ ሚዛን ወደላይ ወደታች ትልብሃለች። መሬት ላይ መጎተት ግን ክልክል ነው። ሁልጊዜ የሚፈገፈገው ጅራቱ ነው፤ እየሳሳ ሄዶ አንድ ቀን ይበሳል።

ቢሾፍቱ ስትደርሱ ሌላ ፈተና አለ። ሆራም፣ ባቦጋያም፣ የቢሾፍቱ ሐይቅም የእሳተ ገሞራ ጉድጓዶች ናቸው። ከመንገዱ እስከ ውኃው ብዙ ቦታ ቁልቁለት ነው፣ ጠጠሩም ያንሸራትታል። ቁልቁል ስትወርዱ ካያኩ ከፊት ይሁን። ጅራቱ ላይ ገመድ እሰሩና አንተ ከላይ ሆነህ ቀስ እያልክ ልቀቅለት። ባለቤትህ ከጎኑ ሆና አፍንጫውን ትምራ፤ ከፊቱ ግን እንዳትቆም። ገመዱን እጅህ ላይ አትጠምጥመው፤ ካመለጠህ ይሂድ። መቅዘፊያውንና ምሳውን በሌላ ጉዞ አውርዱ። ጣና ላይ ታንኳ የሚነዱት ሰዎች ጀልባቸውን ከውኃ አውጥተው አቁመው የሚያደርቁት ለጌጥ አይደለም። ደንገል ውኃ ይጠጣል፣ ሲርስም ይከብዳል። የአንተ ፕላስቲክ ባይጠጣም ሆዱ ውስጥ ውኃ ያስቀራል። ሽቅብ ከመሸከማችሁ በፊት ገልብጡት፣ የቀረውን በስፖንጅ ምጠጡት።

መልሳችሁ ስትጭኑ ያው ሥርዓት ነው፤ ደክሞኛል ብለህ የአፍንጫውን ገመድ አትዝለል። ከአሥር ሰዓት በፊት ጫኑ። አሥራ ሁለት ሰዓት ካለፈ ይጨልማል፤ በጨለማ ደግሞ ቀበቶው ብረቱ ሥር ይለፍ አይለፍ በዳሰሳ ነው የምታውቀው።